የበዓላቱ ንጉሥ፦ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ



ሮተርዳም ዙይድ የምንኖር ሐበሾች በዓል በመጣ ቁጥር ከልጆቻችን የማናመልጠው ጥያቄ አለ። እዚህ ተወልደው እዚህ የሚማሩት ልጆች፣ ማርያም ባለፈው ወር ተከብራ ሳለ በዚህ ወር ለምን እንደገና እንደምትከበር ይጠይቃሉ። ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበት የሆኑበትን ምክንያት ይጠይቃሉ። መስቀል በተከበረ በአራተኛው ቀን እናታቸው ግሸን ማርያም ብላ ጧፍ ስታበራ ሲያዩ ደግሞ ጨርሶ ግራ ይገባቸዋል። እኛም ብዙዎቻችን አባቶቻችን ያቆዩልን ነው ብለን እናልፈዋለን። መልሱ ውሸት የለበትም። ነገር ግን ከእነዚያ አባቶች የአንዱ ስማቸውም፣ የነገሡበት ዘመንም፣ ያረፉበትም ቦታ የታወቀ ነው። ሦስቱን ጥያቄዎች ተከትለን ወደ ኋላ ብንሄድ ሦስቱም ከአንድ ሰው ደጃፍ ያደርሱናል፤ ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ።

እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም፤ መሐንዲስ ነኝ። ቀን ብረትና ኮንክሪት ሳሰላ እውልና ማታ ልጆቹ ሲተኙ ያገሬን መጻሕፍት አገላብጣለሁ። እኚህን ንጉሥ የሚያወሱ መጻሕፍት ሁለት ዓይነት ሆነው አገኘኋቸው። አንዱ ወገን ቅዱስ ያደርጋቸዋል፣ ሌላው ወገን ጨካኝ። ለልጅ የሚነገረው የትኛው ነው? ሁለቱንም ካልነገርን ያጎደልን ስለሚመስለኝ የሕይወት ታሪካቸውን በተቻለኝ መጠን እንዳለ ላቅርብ። ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የወር ቀኖቹ ግን የኛው ናቸው። በነገራችን ላይ በሥነ ፍልስፍና የሚታወቀው የአክሱሙ ዘርዓ ያዕቆብ ሌላ ሰው ነው፤ እርሱ የመጣው ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ዘርዓ ያዕቆብ በ1399 በፈጠጋር ጥልቅ በሚባል ቦታ ተወለዱ። አባታቸው አፄ ዳዊት፣ እናታቸው ንግሥት እግዚእ ክብራ ናቸው። በዚያ ዘመን የንጉሥ ልጅ ሆኖ መወለድ ብዙ የሚያስቀና ነገር አልነበረም። አንዱ ሲነግሥ ወንድሞቹ ዙፋኑን እንዳይሹ ወደ ግሸን አምባ ይወጡና በጥበቃ ሥር ይኖራሉ። ዘርዓ ያዕቆብም የወጣትነት ዘመናቸውን እዚያው አምባ ላይ ነው ያሳለፉት የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ከወንድማቸው ዓይን ተሰውረው ወደ ትግራይ ተወስደው በአክሱምና በደብረ ዓባይ ገዳም ተማሩ ይላሉ። በየትኛውም በኩል ቢሆን ያደጉት ከቤተ መንግሥት ርቀው፣ ከመነኮሳትና ከመጻሕፍት ጋር ነው። ኋላ የጻፉትን ያየ ሰው ይህንን አይጠራጠርም። በኛ ነገሥታት መካከል የሃይማኖት ክርክር መጽሐፍ በስሙ የሚጠራለት ንጉሥ ብዙ የለም፤ ለእርሳቸው ግን መጽሐፈ ብርሃን፣ መጽሐፈ ሚላድ፣ ተአቅቦ ምሥጢርና ሌሎችም ይቆጠሩላቸዋል።

ወንድማቸው አፄ ይስሐቅ ከሞቱ በኋላ በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ነገሥታት ተፈራርቀዋል። አንዳንዱ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ነው ያለፈው። በመጨረሻ በ1434 ዘርዓ ያዕቆብን ከተደበቁበት ወይም ከታሰሩበት አውጥተው አነገሧቸው። ዕድሜያቸው 35 ገደማ ነበር። በ1436 ወደ አክሱም ወጥተው የዘውድ ሥርዓቱን በጥንቱ ወግ ፈጸሙ፤ ዜና መዋዕላቸው ወደ ከተማው ሲገቡ ለሕዝቡ ወርቅ መበተናቸውን ይናገራል። ለመንግሥት ስማቸውም ቆስጠንጢኖስ የሚለውን መረጡ። ይህንን ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ያገኙት አገር ምን ይመስል ነበር? ቋሚ ዋና ከተማ የለውም፤ ንጉሡ ድንኳኑን እየነቀለ ይዞራል። ማተሚያ የለም። መንገዱ ክረምት ሲገባ ይዘጋል። በትግራይ ገዳም ያለው መነኩሴና በሐድያ ድንበር የሠፈረው ወታደር ቋንቋቸው የተለያየ ነው፤ ብዙው ገበሬም ከክርስትናው ጎን ደስክና ዲኖ ለሚባሉ የቀድሞ አማልክት ይሠዋ ነበር። እንዲህ ያለውን አገር በምን ታስተሳስረዋለህ? የኔን ሙያ ሰው ብትጠይቁት መንገድና ድልድይ ይላችኋል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ግን በእጃቸው ያለውን መረጡ፤ ቀንን። ሁሉም ሰው በየትም ቦታ ሆኖ በዚያው ዕለት ሞፈሩን ሰቅሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሄደ ያ ሁሉ ሰው ሳይተያይ አንድ ይሆናል። ይህ የኔ አስተያየት ነው፤ ሥራቸውን ስመለከት ግን ሌላ ትርጉም አልታየኝም።

የመጀመሪያው ጉዳይ ቅዳሜ ነበር። አባ ኤዎስጣቴዎስና ተከታዮቻቸው ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር በማለታቸው ከግብፅ ከሚመጡት ጳጳሳት ጋር ተጣልተው፣ ክህነት ተነፍገው፣ ከመቶ ዓመት ያላነሰ ተንከራትተዋል። ኤዎስጣቴዎስ ራሳቸው ተሰደው በ1352 አርመን አገር ሞቱ። አፄ ዳዊት በ1404 ለተከታዮቻቸው ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቅደውላቸው ነበር፤ ሌላው ወገን ግን አልተከተለም። ልጃቸው ነገሩን በ1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠርተው ቋጩት። ሁለቱ ግብፃውያን ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ባሉበት ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። የተከፋፈለች ቤተ ክርስቲያን አንድ ሆነች። የኛ ቀዳሚት ሰንበት ታሪኳ ይህ ነው። እዚህ ዙይድ ቅዳሜ የአፍሪካንደር ገበያ ቀን ስለሆነች እናቶቻችን ሰንበቷን ከሽንኩርት ዋጋ ክርክር ጋር አዳብለው ነው የሚያከብሯት።

ሁለተኛው የማርያም ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ተአምረ ማርያም በአባታቸው ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሶ ነበር። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያን በሥርዓት እንዲነበብ አደረጉ፤ በዓመት 33 የእመቤታችን በዓላት እንደ እሑድ ሥራ ተትቶ እንዲከበሩም ደነገጉ። በየወሩ 21 የምናከብራት ማርያም ከእነዚህ ውስጥ ናት። ሥዕሏ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲኖር አዘዙ፤ በእንጨት ገበታ ላይ የተሣለችው ልጇን የታቀፈችው ማርያም በአገራችን የተስፋፋችው በእርሳቸው ዘመን ነው። ፍሬ ጽዮን የሚባለው መነኩሴ ሠዓሊ የዚያ ዘመን ሰው ነው። ዛሬ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ያለችው ሥዕለ ማርያም፣ ማተሚያ ቤት ገብታ ብትወጣም፣ የዘር ሐረጓ እዚያ ይደርሳል።

ግንቦት 21 ለምን ደብረ ምጥማቅ እንደሚባል ብዙ ሰው አያውቅም። ደብረ ምጥማቅ በመጀመሪያ በግብፅ ያለ የእመቤታችን ደብር ነበር፤ እመቤታችን በዚያ በየዓመቱ ለአምስት ቀን በግልጥ ትታይ ነበር ይባላል። ይህ ቤተ ክርስቲያን መፍረሱን የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሲልኩባቸው ንጉሡ አለቀሱ፤ ከዚያም ተጉለት ውስጥ በዚያው ስም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ለግብፁ ሱልጣን ለጃቅማቅም ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤው ላይ፣ ዓባይን መመለስ እንደሚችሉ ነገር ግን እግዚአብሔርን ስለሚፈሩና ሰው እንዳይጎዳ ብለው እንደተዉት ገልጸው ነበር። ባሕርን በግድብ ከሚያቆም ሕዝብ ጋር ለምሠራ ለእኔ ይህ ቃል ፈገግ ያሰኛል፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መሣሪያ የዓባይን አቅጣጫ ማስቀየር የሚታሰብ አልነበረም። ካይሮ ግን ወንዙ ከየት እንደሚመጣ እንጂ የኛን የመሐንዲስ ብዛት አታውቅም ነበርና ማስፈራሪያው ለዘመናት ሠርቷል።

ሦስተኛው መስቀሉ ነው። የግማደ መስቀሉ ትውፊት እንደሚተርከው አፄ ዳዊት ከግብፅ ክርስቲያኖች የተላከላቸውን የመስቀሉን ክፋይ ይዘው ሲመለሱ መንገድ ላይ ስናር ሞቱ። በታሪክ ሰነድ በኩል ደግሞ የዳዊት መልእክተኞች በ1402 ቬኒስ ደርሰው ቅዱሳት ንዋያትን ይዘው እንደተመለሱ ይታወቃል። ትውፊቱ ይቀጥልና፣ ዘርዓ ያዕቆብ መስቀሉን በመስቀል ላይ እንዲያስቀምጡ በሕልም ታዘዙ ይላል። ትርጉሙ ጠፍቷቸው አገሩን ሲዞሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ አምባሰል ውስጥ ከላይ ሲታይ የመስቀል ቅርጽ ያለውን አምባ አገኙ፤ መስቀሉንም እዚያ አኖሩት። አምባው ግሸን ነው! ወንድም ወንድሙን የሚያስርበት ያው አምባ። በየዓመቱ መስከረም 21 ሰው ከየአገሩ ወደ ግሸን የሚጎርፈው ለዚህ ነው። ንጉሡ የልጅነት እስር ቤታቸውን ለአገር ሁሉ መሳለሚያ አደረጉት ማለት ይሆን? እዚያ መታሰራቸው እርግጥ ቢሆን ኖሮ እንዴት ያለ ታሪክ ነበር!

አሁን ወደ ቆስጠንጢኖስ ስም ልመለስ። ቆስጠንጢኖስ መስቀሉን ያስወጣችው የንግሥት እሌኒ ልጅ ነው። መስቀሉን የሚወድ ንጉሥ ይህንን ስም መምረጡ አያስገርምም። በቤታቸውም እሌኒ የምትባል ንግሥት ነበረች፤ የሐድያው ንጉሥ የመሐመድ ልጅ፣ በጋብቻ መጥታ ክርስትና የተነሣች። ስለ እርሷ በኋላ አነሣለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሮተርዳም የመርከብ ከተማ ስለሆነች ፊሊፒናውያን መርከበኞች አይጠፉባትም፤ እኔም አብሮኝ የሠራ ፊሊፒናዊ አለ። ስለ ደመራ ሳወራለት በአገሩ በግንቦት መጨረሻ ሳንታክሩሳን የሚባል ሰልፍ እንዳለ ነገረኝ። የመንደሩ ቆንጆ ልጃገረድ እንደ ንግሥት እሌኒ ዘውድ ደፍታ ትንሽ መስቀል ይዛ በአበባ ዳስ ሥር ትሄዳለች፤ አጠገቧ ቆስጠንጢኖስ የሚሆን ሕፃን ልጅ ይራመዳል። ያው ታሪክ ነው! ስፔኖች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ይዘውላቸው የሄዱት ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ይከበር የነበረውን የምዕራባውያኑን መስቀል የተገኘበትን በዓል ነው። ሮም በ1960 ያንን ቀን ከአጠቃላይ መቁጠሪያዋ አወጣችው፤ ፊሊፒኖች ግን አልተዉትም። እኛ የጢሱን ክፍል ይዘን ችቦ እናበራለን፤ እነርሱ የንግሥቲቱን ክፍል ይዘው ልጃገረድ ያስጌጣሉ። የኛ ቀን መስከረም 17 ሲሆን መስቀሉ በእውነት የተገኘበት ቀን መጋቢት 10 መሆኑን ካህናቱ ያስረዳሉ። እዚህ አገር ግን ብዙ ጊዜ የምናከብረው ለበዓሉ በሚቀርበው ቅዳሜ ወይም እሑድ ነው፤ ደመራውም ለሠፈር እሳት አደጋ እንዲመች ሆኖ ያጠረ ነው። የመስቀል በዓል በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ደስ ያለን ያህል፣ ለአንድ እቅፍ እንጨት ፈቃድ ስንጠይቅ ደግሞ ትንሽ እናፍራለን።

ወደ ንጉሡ እንመለስ። በ1445 የአዳሉ ሱልጣን በድላይ ሠራዊቱን ይዞ ሲመጣ ጎሚት ላይ ገጠሟቸውና ድል ሆኖ ሞተ። ቀኑ ታኅሣሥ 29፣ ገና ነበር። የጌታ ልደት በየወሩ 29 እንዲታሰብ ማዘዛቸው ከዚህ ድል ጋር እንደሚያያዝ መገመት አያስቸግርም። ቅዱስ ሚካኤልም በየወሩ 12 እንዲከበር አዘዋል። በሮማ በኩልም ስማቸው ተሰማ፤ በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በፍሎረንስ ጉባኤ ተገኙ፣ በ1450 ደግሞ የንጉሡ መልእክተኞች የአራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ ዘንድ ኔፕልስ ደረሱ።

እስከዚህ የነገርኳችሁን ለልጅ መንገር ቀላል ነው። ቀሪውን መንገር ይከብዳል።

በዓል በትእዛዝ ሲሆን የማያከብር ይቀጣል። ዜና መዋዕላቸው ራሱ ሳይደብቅ ይጽፈዋል። ካህናት በየሰንበቱ ሕዝቡን ሰብስበው ካላስተማሩ ቤታቸው ይበረበር፣ ርስታቸው ይነጠቅ ነበር። ክርስቲያን ሁሉ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በቀኝና በግራ እጁ ሰይጣንን መካዱንና የማርያም አገልጋይ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ እንዲይዝ ታዘዘ። ለደስክና ለዲኖ ሠዋ የተባለ ይገደላል። እንዲህ ያለ ሕግ ደግሞ ነጋሪ ይፈልጋል፤ ነጋሪም አልጠፋም። ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ሎሌ ጌታውን ይከስስ ጀመር። እኛ ከቀይ ሽብር የተረፍን ትውልድ ስለሆንን ይህ እንዴት እንደሚሆን አስተማሪ አያስፈልገንም።

ከሁሉ የከፋው የደቂቀ እስጢፋኖስ ነገር ነው። አባ እስጢፋኖስና መነኮሳታቸው ጥብቅ ክርስቲያኖች ነበሩ። ነገር ግን ስግደት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው ብለው፣ ንጉሡ ባዘዙት መንገድ ለሥዕለ ማርያምና ለመስቀል፣ ለንጉሡም ለራሳቸው አንሰግድም አሉ። እስጢፋኖስ እስር ቤት ሞቱ። ተከታዮቻቸው ተገረፉ፣ ምላስና አፍንጫቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይ ተወገሩ። የእነርሱን ገድል ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰው በ2004 ደቂቀ እስጢፋኖስ በሕግ አምላክ በሚል ርእስ ስላሳተሙት ያገኘ ሁሉ ቢያነበው እመክራለሁ። እኔ መጽሐፉን ሳነብ በየገጹ አቁሜ ተነሥቼ መስኮት ከፍቻለሁ። ማርያምን በእውነት የሚወዱ ንጉሥ በእርሷ ስም ይህንን ማድረጋቸው፣ የተሠቃዩትም ክርስቶስን በእውነት የሚወዱ መሆናቸው ነው ከባዱ።

ከተማዋን ደብረ ብርሃንንም ያገኘነው ከዚሁ ነው። ከእነዚህ መነኮሳት የተወሰኑት ከተወገሩ ከ38 ቀን በኋላ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ሥራቸውን እግዚአብሔር የወደደበት ምልክት ነው ብለው በዚያው ቦታ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ኋላም ቤተ መንግሥታቸውን አቆሙበት። በ1456 የታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ትሆናለች የሚሉ አሉ። ኮከቧ በዚያ ዓመት መታየቷ የተረጋገጠ ነው፤ የአውሮፓም ሰው በጣም ደንግጦባታል። ኮከብ ትሁን ሌላ ነገር፣ ተጓዡ ንጉሥ ከቀረው ዕድሜው አብዛኛውን ያሳለፈው እዚያው ሆነ። ድንኳን ነቃዩ ቤተ መንግሥት ከተማ አገኘ።

በደብረ ብርሃን ዘመን ጥርጣሬው ወደ ቤታቸው ገባ። ቀደም ሲል አንድ እንግዳ ነገር አድርገው ነበር፤ ክፍላተ ሀገሩን እንዲያስተዳድሩ ሴቶች ልጆቻቸውንና ሴት ዘመዶቻቸውን ሾመዋል። በዚያ ዘመን በአውሮፓ እንኳ ብርቅ ነው። ከእነዚሁ ልጆቻቸው፣ ከሴቶቹም ከወንዶቹም፣ ለጣዖት ሠዉ ወይም አሤሩ ተብለው ተከሰሱ። ንጉሡ ሕዝብ ሰብስበው የልጆቻቸውን በደል አስነገሩ፤ እያለቀሱም አስገረፏቸው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ከግርፋቱ ብዛት ሞቱ። ከሳሾቹም ኋላ ተራቸው ደርሶ ተቀጡ። ከዚያ ደግሞ ሚስታቸው ጽዮን ሞገሳ ልጇን በእዴ ማርያምን ልታነግሥ አስባለች ተባለ። እርሷም ተገርፋ በ1462 ሞተች። ልጇ ለነፍሷ ጧፍና ዕጣን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲልክ ተይዞ ተጠየቀ፤ መነኮሳት ማልደው ከአባቱ ጋር ታረቀ፣ በመጨረሻም አልጋ ወራሽ ተባለ።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1468 ደብረ ብርሃን ሞቱ። ሠላሳ አራት ዓመት ነግሠዋል። በእዴ ማርያም ሲነግሡ እስረኞችን ፈቱ፤ በአባታቸው ዘመን የነገሠውን ያንን የክስ ዘመንም ዘጉት። የአባታቸውን በዓላት ግን አልነኩም። ሠላሳ ሦስቱ ሠላሳ ሦስት ሆነው ቀሩ፤ ነጋሪና ጅራፍ ባይኖርም ሰው ማክበሩን አላቆመም። እናታቸውን ላጡት ለአዲሱ ንጉሥ እናት ሆና የተሾመችው ደግሞ የሐድያዋ እሌኒ ናት። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ገደማ በአገሩ ፖለቲካ ውስጥ ቆይታ፣ አርጅታም ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ የላከች እርሷ ናት። ስለ እርሷ ሌላ ጊዜ ብቻውን እጽፋለሁ።

የንጉሡ አጽም የሚገኘው በጣና ሐይቅ ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ነው፤ ከአባታቸው ከአፄ ዳዊትና ኋላ ከመጡት ከአፄ ፋሲል አጽም ጋር ለሚሳለም እንግዳ ያሳዩታል። የፍሬ ጽዮን ሥዕለ ማርያምም እዚያው ደሴት ላይ ናት። በዚህ ክረምት ወደ ባሕር ዳር የምትወርዱ ካላችሁ በጀልባ መሻገር ይቻላል፤ መሻገር የሚቻለው ግን ለወንዶች ብቻ ነው። ዳጋ ሴት አይገባበትም። ሚስቶቻችሁና ሴቶች ልጆቻችሁ ጀልባው ላይ ሆነው ይጠብቃሉ።